ባዶ እግር በደረቅ አሸዋ

ዜናይዴ ግቢዬ ከገባችበት ሰዓት ጀምሮ አረፍ ብላ አላየኋትም። ሻንጣዋን እንኳ ሳታወርድ መሬት መሬቱን ታያለች። ዶሮዎቼን አየች፣ የታጠበውን ልብስ አየች፣ ከኮኮናቱ ጥላ ሥር የተጋደመውን ውሻዬን አየች።

"እትዬ ኦስማሪና፣ ይሄ ውሻ የት ነው የሚጸዳዳው?" አለችኝ።

ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው ባሕሩ ዳር ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለእንግዳ እያከራየሁ ነው። እንግዳ ስለ ዓሣው ይጠይቀኛል፣ ስለ ንፋሱ ይጠይቀኛል። ውሻዬ የት እንደሚጸዳዳ የጠየቀኝ ግን የለም።

"እግሩ በመራው" አልኳት። "እንደኛ በር ዘግቶ አይደለም።"

አባቷ ጋሽ ዡራንዲር ከት ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ከቴሬዚና ነው የመጡት፣ ከዚያ ከእቶኑ ከተማ። ጋሽ ዡራንዲር ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ብራዚልን ከዳር እስከ ዳር ያውቋታል፤ ባሕሩን ግን በመስኮት ከማየት በቀር ቀርበውት አያውቁም፤ ጭነት መቼ ጊዜ ይሰጣል? ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ስኳር ያዛቸው። ስኳሩ የግራ እግራቸውን ትንሿን ጣት ወሰደ፤ የቀረውንም እግር እንጨት አደረገው። ቢወጋ አያውቁትም፣ ቢቃጠል አያውቁትም።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ዜናይዴ ናት፤ ወጥ ቤት ተከትላኝ ገብታ፣ በሹክሹክታ።

"ሐኪሙ 'አንዲት ቁስል ትበቃዋለች' ብሎኛል። አንዲት ቁስል፣ ከዚያ እግሩን መቁረጥ ነው። እዚህ አሸዋ ውስጥ ደግሞ ሙጃሌ አለ አሉ። ከውሻና ከድመት የሚመጣ፣ ቆዳ ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ትልም አለ አሉ። እውነት ነው?"

እንግዳ እንዳይሸሽ ብዬ አልዋሸሁም። "አለ" አልኳት። "ውሻ የሚተኛበት፣ ባሕሩ የማይደርስበት ደረቅ አሸዋ ውስጥ አለ። ጫማ ያደረገን ሰው ግን ምንም አያደርገውም።"

"ምን ነክቶኝ ነው ያመጣሁት!"

"ታዲያ ለምን አመጣሻቸው?"

"እሱ ነዋ! 'ባሕሩን ሳልረግጥ አልሞትም' ብሎ ወጥሮ ያዘኝ።"

ከዚያ በኋላ ቤቴ ቤት መሆኑ ቀረ። ዜናይዴ ፎጣ መሬት እንዳይነካ ገመድ ላይ ትሰቅላለች። አባቷን በወፍራም ካልሲና በድፍን ጫማ ጠፍራ በረንዳው ላይ በፕላስቲክ ወንበር ታስቀምጣቸዋለች። ጠዋትና ማታ እግራቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ በባትሪ ትመረምራለች። ትቀመጣለች፣ ወዲያው ትነሳለች። ደግሞ ታካለች፤ ክንዷን፣ አንገቷን፣ የጉልበቷን ጀርባ። "የሆነ ነገር ሄደብኝ" ትላለች። አያለሁ፣ ምንም የለም። እሷን ሳይ ውዬ እኔም ማከክ ጀመርኩ።

ዓሣ የሚያመጣልኝ ኤቫልዶ በበረንዳው ሥር ባለፈ ቁጥር አያልፋቸውም።

"ጋሼ! ልጅዎ ለባሕሩም ካልሲ ገዛችለት እንዴ?"

"ቁጥሩን ለክታ ልትመለስ ነው" ይላሉ ጋሽ ዡራንዲር። አፋቸው ይስቃል፤ ዓይናቸው ግን ከኤቫልዶ ትከሻ በላይ አልፎ ባሕሩ ላይ ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዜናይዴ ገላዋን ልትታጠብ ገባች። ስትወጣ ወንበሩ ባዶ ነው። ጫማው ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ካልሲዎቹ ተጠቅልለው ውስጡ ገብተዋል።

ጩኸቷን ስሰማ ሰው የሰመጠ መስሎኝ ነበር። ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ ወደ ዳርቻው ሮጠች፤ እኔም የካሳቫ ቂጣዬን ምጣድ ላይ ጥዬ ተከተልኳት። ኮኮናት የሚሸጠውን ጠየቀች፣ ልብስ የሚያሰጡትን ሴቶች ጠየቀች። ጋሽ ዡራንዲርን ያገኘናቸው ዓሣ አጥማጆች መረብ ከሚጠግኑበት፣ ወደ ላይ ከተጎተቱት ጀልባዎች ጀርባ ነው። ግንድ ላይ ተቀምጠው ባዶ እግራቸውን ደረቁ አሸዋ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ቀብረውታል። አንዲት አሮጊት ውሻ አጠገባቸው ተኝታለች። ሰዎቹ ያወራሉ፤ እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው እግራቸውን ያያሉ።

"አባዬ! ምን እያደረግክ ነው? ልትገለኝ ነው?"

"እግሩ የኔ ነው፣ ሞቱ ያንቺ?"

"እግሩ ያንተ ቢሆን ኖሮ ትጠብቀው ነበር!"

ጋሽ ዡራንዲር ከግንዱ ተነሡ። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው እንደ ሕፃን እየተመሩ ተመለሱ። እግራቸውን በሳሙና አጠበችው፣ መልሳ አጠበችው፣ ጣት ከጣት እየከፈተች አደረቀችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ መነጋገር ተዉ። "ምሳ ቀርቧል በይው" ትለኛለች እዚያው ጠረጴዛ ላይ። "ጠግቤያለሁ በያት" ይሉኛል። ቤቴ ውስጥ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት እንደ ልማዷ እግራቸውን ስትመረምር እጇ ቀጥ አለ።

"እትዬ፣ ነይ እዪው።"

ከተቆረጠው ጣት ጠባሳ አጠገብ አተር የምታህል ነጭ እብጠት አለች፤ መሃሏ ላይ ጥቁር ነጥብ። እዚህ አገር የተወለደ ሰው ሁለት ጊዜ ማየት አያስፈልገውም። ሙጃሌ ናት፤ ገብታ፣ ጠግባ፣ እንቁላሏን ሞልታ።

ዜናይዴ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ገልብጣ መርፌ ቁልፍ አወጣች።

"ትንሽ ሳለሁ እሱ ነበር የሚያወጣልኝ" አለች። "እንዴት እንደሚወጣ አውቃለሁ።"

"በዚህ በዛገ ነገር?" ብዬ ከእጇ ቀማኋት። "የስኳር እግር ነው እያልሽ! ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ።"

ኤቫልዶ ዓሣ በሚያመላልስበት ጋሪው ወሰደን። ጉዞውን ሙሉ አልቀለደም።

ሲስተር ኢቫኔቴ መንደሩን ሁሉ የምታክም ሴት ናት፤ ምላሷ ከመርፌዋ ይብሳል። እግሩን አጠበች፣ በንጹሕ መርፌ ዙሪያውን ቀስ ብላ ፈልፍላ ያችን ነገር ከነከረጢቷ ሙሉዋን አወጣቻት። መድኃኒት ቀባች፣ በፋሻ ጠቀለለች፣ የቴታነስ መርፌ ወጋቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ ዜናይዴን አየቻት። እስከ ክርኗ ድረስ አክካ አክካ ደም አምጥታለች።

"አንቺስ? ነይ እስቲ።" ክንዷን አገላብጣ አየች። "ምንም የለብሽም። ያንቺ ትል ያለው ጭንቅላትሽ ውስጥ ነው፤ እሱን ደግሞ በመርፌ አላወጣውም።" ወደ አባትዬው ዞረች። "እርስዎስ ጋሼ? ልጅቷ እንዲህ እየጠበቀችዎ ለምን አወለቁት?"

ጋሽ ዡራንዲር ፋሻውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

"ሙቀቱን ልሞክር ብዬ ነበር" አሉ። "ሰዎቹ 'አሸዋው እንደ እሳት ነው' እያሉ ይዘላሉ። እኔ ቀበርኩት። ጣቴን ላንቀሳቅስ ሞከርኩ። ምንም። ስንት ዘመን የተመኘሁት ነገር ላይ እግሬን አድርጌ… ምንም አልተሰማኝም፣ ልጄ። መኪናው ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ነኝ።"

ዜናይዴ ማከኳን አቆመች። የምትይዘው ነገር ያጣች ይመስል እጆቿ አየር ላይ ቀሩ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? አንቺ እግሬን ለማዳን እንቅልፍ አጥተሽ፣ እኔ እግሬ ከሞተ ቆይቷል ልበልሽ?"

ሲስተር ኢቫኔቴ ዕቃዋን መሰብሰብ ያዘች። ስንወጣ ከኋላችን ጮክ ብላ "ማዕበሉ በየቀኑ የሚያጥበው እርጥብ አሸዋ ላይ እነዚህ ነገሮች አይኖሩም! ቁስሉ ብቻ ውሃ እንዳይነካው!" አለች።

በማግስቱ ባሕሩ ሸሽቶ አሸዋው እንደ ተወለወለ ወለል ባበራ ጊዜ፣ ዜናይዴ የፕላስቲክ ወንበሬን ተሸክማ ወጣች። የአባቷን እግር በፋሻው ላይ በላስቲክ ከረጢት አሰረች፣ በላዩ ጫማ አጠለቀች። ደግፋ፣ በደረቁ አሸዋ አሳልፋ፣ ማዕበሉ ሊደርስበት ጥቂት ከሚቀረው ቦታ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ የራሷን ጫማ አወለቀች። ከመጣች ጀምሮ እግሯን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ተንበረከከች፤ እርጥቡን አሸዋ በሁለት እጇ ዝቃ መዳፋቸው ላይ ገለበጠችው።

"በእጅህስ?" አለች።

ጋሽ ዡራንዲር ጨበጡት። ውሃው በጣቶቻቸው መሃል ወረደ። "ይቀዘቅዛል" አሉ። ደግመው ጨበጡት። "ይሻክራል። ዜና፣ ውስጡ ቀንድ አውጣ አለ፤ ነከሰኝ መሰለኝ!"

"ቀንድ አውጣ አይነክስም።"

"ይሄኛው ነከሰኝ!"

ከወንበሩ ወርደው በጉልበታቸው ቆሙና እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገቡት። እሷ "እግርህን! ውሃ መጣ፣ እግርህን ወደ ኋላ!" እያለች ከጫማው ጋር ትታገላለች፤ ማዕበሉ መጥቶ ሁለቱንም ፊታቸው ላይ አጠባቸው። የሚስቀው ማን እንደሆነ፣ የሚያለቅሰው ማን እንደሆነ ከበረንዳዬ ሆኜ መለየት አልቻልኩም። ፋሻውን ሲስተር ኢቫኔቴ እየተሳደበች እንደ አዲስ ቀየረችው።

ቁስሉ ለመዝጋት ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ ግን ዘጋ፤ እግሩም ተረፈ። የሄዱ ቀን ዜናይዴ የአውቶቡሱን ወንበር በፎጣ ሁለት ጊዜ ጠርጋ ነው የተቀመጠችው፤ ያ አልለቀቃትም። ቴሬዚና እንደገቡ ደወለችልኝ፤ ደህና ገባን ሳትለኝ ጋሽ ዡራንዲር ስልኩን ነጠቋት።

"ኦስማሪና! ጥፍሬ ሥር አሸዋሽ አለ። ይቺ ልጅ በብሩሽ ልትፈቀፍቀኝ ቤቱን እያዞረችኝ ነው!"

"ይፈቀፈቁ እንጂ ጋሼ" አልኳቸው።

"አይሆንም!" አሉና ስልኩ ከእጃቸው ሲወድቅ፣ ወንበር ሲገለበጥ፣ ዜናይዴም "አባዬ፣ ተው እንዳትወድቅ!" እያለች ስትስቅ ሰማሁ።