ባህር የነበረበት ገደል

ዶዮገና ገበያ፣ አስናቀች ቆጮ በምትሸጥበት ተርታ፣ ልጇ ሐዳሳ ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ድንጋይ ትማራለች ተብሎ ስንት ተስቋል! «ድንጋይማ በየደጃችን ሞልቶ የለ? እኛው በነፃ እናስተምራት ነበር» ይሏታል ሴቶቹ። አስናቀችም አብራ ትስቃለች። ልጇ ምን እንደምትማር በውል አታውቅማ። ሐዳሳ ተመርቃ ሆሳዕና ባለው ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆና ስትቀጠር እንኳን፣ ለጠየቃት ሁሉ «ስለ ምድር ታስተምራለች» ከማለት አላለፈችም።

ሐዳሳ ተማሪዎቿን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አባይ በረሃ ይዛ ልትወጣ ስትሰናዳ፣ እናቷ ልትጠይቃት ሆሳዕና መጥታ ነበር።

«አውቶቡሱ ላይ ባዶ ወንበር አለ፤ እማ፣ ለምን አብረሽኝ አትሄጂም?» አለቻት።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ፈቀደ። አስናቀች ሹራቧን ደርባ ከሾፌሩ ከፈትሁዲን ጀርባ ተቀመጠች። አዲስ አበባ አድረው፣ በማግስቱ ጎሃ ጽዮንን አልፈው ቁልቁለቱን ተያያዙት። ከመንገዱ ጠርዝ ወዲያ ሰማይ ብቻ ነው የሚታየው።

«እትዬ አስናቀች፣ ወደ ታች አይመልከቱ፤ ያዞራል» አላት ፈትሁዲን።

«ላየው አይደል እንዴ የመጣሁት!»

ለመንገዱ ተብሎ ከተቆረጠ ገደል ሥር፣ ሰፋ ካለ ጥግ ላይ ቆሙ። ሐዳሳ ቢጫ የራስ ቁር አጥልቃ፣ መዶሻዋን ይዛ ማስረዳት ጀመረች። ሆኖም ጭነት መኪና እያጓራ በወረደ ቁጥር ድምጿን ይውጠዋል። ተማሪዎቹም ግማሾቹ ፎቶ ይነሳሉ፤ ግማሾቹ ሸለቆውን ያያሉ። የሐዳሳ ድምፅ ሰለለ፤ ጣቶቿ ጉትቻዋን ማሽከርከር ጀመሩ። ከልጅነቷ ጀምሮ ጭንቅ ሲላት የምታደርገው ይህንኑ ነው። አስናቀች ይህን ላለማየት ዓይኗን ከልጇ አንስታ ወደ ገደሉ ዞረች።

እንዲሁ ፊቷን ልታዞር ብላ እንጂ አንዳች ነገር አያለሁ ብላ አልነበረም። ግን ድንጋዩ ውስጥ ዛጎል አየች። ቀረብ አለች። አንድ ብቻ አይደለም፤ ገደሉ ሁሉ ዛጎል ነው። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያካክል፣ መዳፍ የሚሞላ፣ መስመር መስመር ያለው፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ። በጣቷ ዳሰሰችው። ድንጋይ ነው፤ ዛጎልም ነው።

«ሐዳሳ!» አለች ሳታስበው ጮክ ብላ። «ይሄ የኖኅ ውሃ ያመጣው ነው?»

ተማሪዎቹ ሁሉ ዞሩ። አንዱ ከት ብሎ ሳቀ። አስናቀች ልጄን በሰው ፊት አዋረድኳት ብላ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

ሐዳሳ ግን አልሳቀችም። እጇን ከጉትቻዋ ላይ አውርዳ ወደ እናቷ መጣች።

«እኔ ልጠይቃችሁ የነበረውን እናቴ ቀደመችኝ። ኑ፣ ሁላችሁም ቅረቡ» አለች። «እማ፣ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ስትቀብሪ ቀድሞ የገባው የቱ ጋ ነው የሚሆነው?»

«ከታች ነዋ።»

«ከላይ ያለውስ?»

«ኋላ የጨመርኩት።»

«ይህም እንደዚያ ነው። ጎርፍ መጥቶ ይሄዳል። እነዚህ ግን እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ አድገው ሞቱ። በላያቸው ልጆቻቸው፣ በነዚያም ላይ የልጅ ልጆቻቸው። ይቺን ትንሿን እዩአት፤ በትልቁ ዛጎል ጀርባ ላይ ተጣብቃ ነው የኖረችው። እዚህ ባህር ነበር፤ አልፎ ሂያጅ ሳይሆን ብዙ ሚሊዮን ዓመት የተቀመጠ ባህር። አሁን የቆምነው ወለሉ ላይ ነው።»

ማንም ፎቶ አላነሳም። መኪና ሲያልፍ ሐዳሳ ቆም ትላለች፤ እነሱም ቀጣዩን ቃል ይጠብቃሉ። የሳቀው ልጅ ተንበርክኮ ድንጋዩን በማጉያ መነጽር ያያል። አስናቀች ከነገሩ ግማሹን ብትረዳ ነው። ልጇ ግን የተዘጋን ደጅ እየከፈተች ሰው ስታስገባ አየች።

«እግዚአብሔር እንደሆነ ጊዜ አያጥረውም» አለች ለራሷ።

ሐዳሳ ተማሪዎቹን ይዛ ወደ ላይኛው ኩርባ ስትወጣ፣ አስናቀች እግሯን ልታሳርፍ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አንድ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ፍጥነቱን ቀንሶ አጠገቧ ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ አለ።

«እማማ፣ ምን ጠፍቷቸው ነው ገደሉን የሚፈትሹት? ወርቅ ተገኘ እንዴ?»

«ባህር ነው የተገኘው» አለች አስናቀች።

«ባህር? እዚህ በረሃ ላይ?»

«አዎ፣ እዚህ። ና ውረድ፣ ላሳይህ። ስንት ዓመት ታልፍበታለህ፣ አላየኸውም።»

ሰውዬው መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ። አስናቀች መዳፍ የሚያህለውን ዛጎል ስታሳየው፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ ነካው። «አጃኢብ ነው! ማን ነገረዎት ይሄን?»

አስናቀች ብድግ አለችና ወደ ላይኛው ኩርባ አመለከተች።

«ያቺ ቢጫ የራስ ቁር ያደረገችው አስተማሪ ትታይሃለች? ሐዳሳ ትባላለች። ከዶዮገና ነው የመጣችው። ልጄ ናት።»