ይታየኛል፤ አለ ግን አልልም

ሩሐማ ጠዋት ካፒቶል ሂል በሚባለው ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፣ ከሰዓት ኮሌጅ ትማራለች፣ ከዚያ ሬንተን ያለው ቤታቸው ገብታ አባቷን ታበላለች። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሌሉ ሰዎችን ማየት ጀምረዋል። ሰዎቹ ሳሎን ገብተው ይቀመጣሉ፣ ይቆማሉ፤ አንዳቸውም አይናገሩም። ሐኪሙ አእምሯቸው ጤነኛ እንደሆነ፣ ዓይናቸው ያጎደለውን አንጎላቸው ከራሱ እየሞላ እንደሆነ አስረድቷል። እሳቸው ግን «አብጃለሁ» ብለው እንቅልፍ አጡ። ሩሐማም አብራ አጣች።

ፍልስፍና የተመዘገበችው ለመመረቂያ ክሬዲት ስለጎደላት ብቻ ነበር። አንድ ቀን መምህሩ ስለ ጥንት ግሪኮች ሲያስተምር፣ ሁሉን የሚጠራጠሩ ፈላስፎች እንደነበሩ ነገራቸው። እነዚያ ሰዎች ማር ሲቀምሱ «ይጣፍጠኛል» ይላሉ፤ «ማር ጣፋጭ ነው» ግን አይሉም። የታያቸውን አይክዱም፣ እውነት ነው ብለውም አይፈርዱም። በዚህም ልባቸው ያርፋል።

ማታውኑ ለአባቷ ነገረቻቸው።

«አባባ፣ ሲመጡብዎት ‹ይታየኛል› ይበሉ። ‹አለ› ግን አይበሉ። ዝም ብለው ይለፏቸው።»

አዛውንቱ አሰብ አድርገው፣ «ይሄስ አይከብድም» አሉ። እውነትም ሰላም አገኙ። ሁለቱም መተኛት ጀመሩ።

በፈተናዋ ቀን አባቷን የምትጠብቀው ሴትዮ ቀረች። ሩሐማ ቸግሯት ወንድሟን ሥዩምን ኮል አደረገች። ሥዩም ኬንት ይኖራል፣ ትራክ ይነዳል፤ በእናታቸው ቀብር ላይ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም። «ኦኬ፣ እሄዳለሁ» አላት።

ከፈተና ስትወጣ ደወለ።

«ፓርኪንጉ ውስጥ ነኝ። ወጥቻለሁ። ዳግመኛ እንዳትለምኚኝ።»

«ምን ሆንክ?»

«አዩኝ፣ ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ። የሬዲዮኑን ድምፅ ጨመሩ።»

«አናገርካቸው?»

«በምን አፌ? ገና ሳልናገር ፊታቸውን ሲያዞሩብኝ ወጣሁ።»

ሩሐማ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ሥዩሜ፣ እኔ ነኝ እንደዚያ ያስተማርኳቸው። የሌለ ሰው መስለሃቸው ነው» ብላ ስለ ሕመማቸው ሁሉንም ነገረችው።

«እውነትሽን ነው? ወይስ ልታስታርቂን ነው?»

ለማሳመን አቅም አልነበራትም። «በምን ላሳይህ? ተመለስና ድምፅህን አሰማቸው። ከዚያ ራስህ ፍረድ።»

መንገዱ ተዘጋግቶ ቤት የደረሰችው በጣም ዘግይታ ነው። በሩን ስትከፍት ሥዩም አባቱ በተቀመጡበት ወንበር ፊት ተንበርክኳል፤ እሳቸው በሁለት እጃቸው ፊቱን ይዳብሳሉ።

«ቅድምም አንተ ነበርክ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«አይቼህ ነበር። አንተማ ሁሌ ትመጣለህ። እንዲሁ ቆመህ ትታየኛለህ፣ አትናገርም። ስንቴ ላቅፍህ ተነስቼ ግድግዳ እንዳቀፍኩ አታውቅም። በኋላ ደከመኝና ተውኩህ።»

ይህን ለሩሐማ ነግረዋት አያውቁም። እሷም ማን ማን እንደሚመጣ ጠይቃ አታውቅም ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም አለች።

«አውራ» አሉ አባትየው።

«ምን ላውራ?»

«የፈለግከውን።»

ሥዩም ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ተራራ ላይ ስለፈነዳበት ጎማ አወራ። ትንፋሽ ሊወስድ ዝም ባለ ቁጥር አባቱ እጁን ጠበቅ አድርገው ይይዙታል።