የሻለቃ ሳጥን

ወንድሜ እንሽላሊቱን «ሻለቃ» ነው የሚለው። ክንድ የሚያክል ግራጫ ነገር ነው፣ መስታወት ሳጥኑ ውስጥ መብራት ስር ተጋድሞ ቀኑን ሙሉ ያፈጥባችኋል። እኔ አልወደውም፣ አልጠላውምም። የምጠላው ጭራሮን ነው።

ጭራሮ የአክስቴ ልጅ ናት። አክስቴ ከታመመች ጀምሮ እኛ ጋ ናት፣ እኛ ጋ ማለት እኔ ክፍል፣ እኔ አልጋ ላይ። ቅጥነቷን አይቼ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አሁን እማዬ ራሷ «ጭራሮ፣ ነይ እስቲ» ነው የምትላት። እማዬ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ሰበብ ስትፈልግ ነበር። «አንድ ነገር ታጥፋ፣ ቀጥታ ወደ አባቷ ነው» ትላለች፣ ልጅቷ እየሰማች። አባቷ ጋ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ጀርባዋን አይቼዋለሁ፣ አንድ አልጋ ላይ አይደል የምንተኛው።

ሐሙስ ወንድሜ ለሥራ እስከ ቅዳሜ ከከተማ ሊወጣ ሲል ጠራኝ።

«ነገ የሻለቃን ሳጥን ታጥቢያለሽ። መጀመሪያ እሱን ሌላ ክፍል አድርጊው። ኩሱን አንሺ፣ በሳሙና እሺው፣ ቆሻሻ ላይ በረኪና አይሠራም። ከዚያ በረኪናውን በውኃ አቅጥነሽ አሥር ደቂቃ ተይው። ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትደባልቂ። ወጥ ቤት ውስጥ እንዳታጥቢው ደግሞ። ሲያልቅ ደጋግመሽ አለቅልቂ፣ ፀሐይ ላይ አድርቂ። አፍንጫሽን ከተሽ አሽትቺ፣ ምንም ከሌለ ብቻ መልሺው። ትንሽ ከሸተተ ሳንባው ይቃጠላል።»

«እሺ በቃ፣ እንሽላሊት እኮ ነው፣ ሙሽራ አይደለም።»

«ድገሚልኝ።»

ደገምኩለት። አንዷን አልሳትኩም።

አርብ ጠዋት ሥራውን ለጭራሮ ሰጠኋት። ደስ አላት፤ ፌንጣ በመቆንጠጫ እየያዘች የምታበላው እሷ ናት። ሁሉንም ነገርኳት፣ እስከ አሥር ደቂቃው።

«ከዚያስ?» አለችኝ።

«ከዚያማ እማዬ እንደምትወደው ነዋ።»

እማዬ በረኪና ካልሸተተ ታጠበ አትልም። ወለል በሉት፣ የበር እጀታ በሉት። ጭራሮ በመጣች ሰሞን ደረጃውን ጥንቅቅ አድርጋ አለቅልቃ አድርቃ ነበር፤ እማዬ አሸተተችና «የታል ሽታው?» ብላ ሦስቴ አሳጠበቻት። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር አታለቀልቅም። ይሄን አውቃለሁ።

ሳጥኑን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረገችውና ሻለቃን መለሰችው። ክዳኑን ገጠመች፣ መብራቱን አበራች። ሙቀቱ ሽታውን ቀሰቀሰው። እማዬ ስታልፍ ቆም ብላ አሸተተች።

«እንዲህ ነው እንጂ» አለቻት።

ጭራሮ ፊቷ በራ። እማዬ ስታመሰግናት የመጀመሪያዋ ነው።

እኔ ሶፋው ላይ ስልኬን እየነካካሁ ነበር። ሻለቃ መስታወቱን በጥፍሩ መቧጨር ጀመረ። ከዚያ አፉን ከፈተ፣ እንደከፈተ ቀረ።

«አየሽው?» አለች ጭራሮ። «ዛሬ ደስ ብሎታል መሰለኝ።»

«አዎ፣ እየሳቀልሽ ነው።»

ቅዳሜ ወንድሜ ሲገባ ሻለቃ በጎኑ ተኝቷል፣ አፉ ላይ አረፋ ደርቋል። ወንድሜ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ።

«ማን አጠበው?»

«እኔ» አለች ጭራሮ።

«ምን ምን አደረግሽ?»

አንድ በአንድ ነገረችው፣ በራሱ ቃል፣ «ቆሻሻ ላይ በረኪና አይሠራም» እያለች። አሥር ደቂቃው ላይ ስትደርስ አቆመች። «ከዚያ እማዬ እንደምትወደው ነው የተባልኩት።»

ወንድሜ ወደኔ ዞረ። «ይቺ ናት» አለ ለእማዬ። «እያወቀች ነው።»

«ማንም ይንገራት፣ ያጠበችው እሷ ናት» አለች እማዬ። ስልኳን አንስታ የጭራሮ አባት ጋ ደወለች።

ጭራሮ አላለቀሰችም። ልብሷን በፌስታል እየከተተች ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ፤ «ያኔ አፉን የከፈተው አሞት ነበር?»

«አዎ።»

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

የፌስታሉን አፍ ቋጠርኩላት። እሑድ አባቷ መጣ፣ ክንዷን ጨብጦ ይዟት ወጣ።

አሁን አልጋው የኔ ብቻ ነው። አርብ አርብ ወንድሜ ባዶውን ሳጥን እግሬ ስር ያስቀምጥና «እጠቢው» ይለኛል። አጥባለሁ፣ አለቀልቃለሁ፣ አደርቃለሁ። አፍንጫውን ይከትና «ይሸታል፣ ድገሚው» ይለኛል።

አይሸትም። አሽትቼዋለሁ፣ ምንም የለውም። እደግመዋለሁ።