ፊዚክስ ወይስ ሥዕል

«እኔ የምለው፣» አለች የሟቿ ታላቅ እህት የሻይ ትሪውን እንደያዘች ጎንበስ ብላ፣ «ያቺ በሩ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ማን ናት? ከመጣች ጀምሮ አላለቀሰች፣ ሻይ አልጠጣች፣ አልሄደች።»

ባልየው ቀና ብሎ አየ። የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰች ቀጭን ልጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ከተማሪዎቿ አንዷ ትሆናለች።»

«ተማሪዋ ከሆነች ታልቅስ እንጂ! እንደ ባለጉዳይ ተራ ትጠብቃለች እንዴ?»

እህትየው ምላሷ ስለት ነው፤ ያም ሆኖ ብዙም አልተሳሳተችም። ልጅቷ በእርግጥም ባለጉዳይ ነበረች።

ከትናንት ወዲያ የተቀበረችው ሴት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የትምህርት ምርጫ አማካሪ ነበረች። አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ቀጥሎ ምን ምን ትምህርት ቢወስድ በሰላም እንደሚመረቅና ያሰበው ኮሌጅ እንደሚቀበለው አብራው ቁጭ ብላ ታወጣ ታወርድ ነበር። የምዝገባ ሰሞን ቢሮዋ አይበቃትም። ወላጅና ልጅ ቤት ድረስ ይመጣሉ፤ ሳሎኑ ይሞላል፤ ባልየው ከጋራዡ ቅባት በቅባት ሆኖ ሲገባ መቀመጫ አያገኝም።

«አንቺ እኔን ያገባሽው በስህተት ነው፣» ይላት ነበር ቀዝቃዛ እራቱን ቆሞ እየበላ። «ማግባት የነበረብሽ የትምህርት ቤታችሁን መዝጋቢ ነው።»

«ጠይቄው ነበር። ሚስት አለችው።»

አሠራሯ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ከመጨረሻው ትጀምራለች። «መጀመሪያ የት መድረስ እንደምትፈልጊ ንገሪኝ፤ ከዚያ ወደኋላ እየቆጠርን እንመጣለን» ትላለች። እሱ አንድ ቀን ከጓዳ ሆኖ ሰምቶ «ወይ ጉድ! እኔ ሞተር ስፈታ ከላይ ነው የምጀምረው» ቢላት፣ «አንተ የምትፈታው የተሠራውን ነው፤ የእኔዎቹ ገና አልተሠሩም» አለችው። ይህን አስታውሶ ከንፈሩ ፈገግ ሊል ቃጣው፤ የተሰበሰበውን ሰው አይቶ ዋጠው።

ተነስቶ ልጅቷ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ያጽናዎት፣» አለች ወለሉን እያየች። «ለቅሶ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ግን ደግሞ . . .» እስካሁን ያላለቀሰችው ልጅ አሁን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ቲቸር ሰኞ ነይ ብለውኝ ነበር። ምዝገባው ነገ ያልቃል። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

አርክቴክት መሆን ትፈልጋለች። ኮሌጁ ፊዚክስ ያልወሰደ አይቀበልም፤ ደግሞም አመልካቹ በራሱ እጅ የሠራውን ሥዕል ማየት ይፈልጋል። በትምህርት ቤቱ ፊዚክስና ሥዕል የሚሰጡት በአንድ ሰዓት ነው። አንዱን ከመረጠች ሌላው ቀረ፤ ከሁለቱ አንዱ ከቀረ ደግሞ ኮሌጁ ቀረ። ቲቸር «መላ አይጠፋም፤ እስቲ ላስብበት» ብላ ነበር የሸኘቻት። ያሰበችውን ይዛው ሄደች።

«እና ምንድነው የሚያጠራጥረው? ፊዚክስ ነዋ!» አለ ከፊታቸው የተቀመጠ ባለ ከረባት። የባንክ ሠራተኛ ነው፤ የዛሬን አያድርገውና እሱም ተማሪ ሳለ እዚሁ ሳሎን ውስጥ እግሩን እያወዛወዘ ተራ ጠብቋል።

«ዝም በል አንተ፣» አለች ጎኑ ያለችው ነርስ። «ያንተን ማን መረጠልህ?»

«እሳቸው ናቸዋ!»

«ታዲያ እንዲህ በአንድ ቃል ቆርጠው ነግረውህ ያውቃሉ?»

ከወዲያ ጥግ አንዱ መሐንዲስ «ሥዕሉን እንዳትተዪ፤ ያለ እሱ በሩን አያስረግጡሽም» አለ። ሌላዋ «ዋናውን ሂሳብ ይዛለች ወይ?» ስትል ጠየቀች። «እሱንማ ይዣለሁ» አለች ልጅቷ አፍንጫዋን እየጠራረገች። በሹክሹክታ የተጀመረው ወሬ ሹክሹክታነቱ ቀረ። ሁሉም በየተራው በዚያች ሴት እጅ ያለፈ ነውና እንዴት ዝም ይበል?

«ኧረ በሕግ አምላክ!» አለች እህትየው ትሪዋን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጋ። «ይሄ ለቅሶ ቤት ነው ወይስ ትምህርት ቤት?»

«ተያቸው፣ እትዬ። ይጨርሱ፣» አለ ባልየው።

ያኔ ነርሷ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ስሚኝ እህቴ። እኔም ኬሚስትሪ እንዲህ ሆኖብኝ ነበር። ቲቸር ምን አደረጉ መሰለሽ? ኬሚስትሪውን በክረምት ሌላ ትምህርት ቤት አስወሰዱኝ፤ ውጤቱን የእኛው ትምህርት ቤት መዘገበልኝ። አንቺም ሥዕሉን በትምህርት ዓመቱ፣ ፊዚክሱን በክረምት ውሰጂ።»

«ይፈቅዳሉ?»

ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ዞረ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ እዚያ ነበሩ፤ ከመጡ ጀምሮ ያልሰማ መስለው ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ሲመረምሩ ቆይተዋል።

«ለቅሶ ቤት የሥራ ጉዳይ አላወራም፣» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። ከዚያ ፊታቸውን ከፎቶው መለስ አድርገው፣ «ጠዋት ቢሮዬ ትምጣ። እሷ ብትኖር መቼም ሳታስፈርመኝ አትወጣም ነበር» አሉ።

ባልየው ለምን ሚስቱ እንዲህ እንደነበረች ያውቃል። ልጅ ሳለች ፋርማሲስት መሆን ነበር ምኞቷ። ውጤቷም ጥሩ ነበር። ኮሌጁ መስኮት ላይ ደርሳ ነው «ኬሚስትሪ የለሽም» የተባለችው፤ እንደሚያስፈልግ እስከዚያች ቀን የነገራት አንድ ሰው አልነበረም። ተጋብተው ብዙ ከቆዩ በኋላ እየሳቀች አጫወተችው። «ቆጨሽ?» ሲላት፣ «ለእኔ አልፏል። ሌላ ልጅ መስኮቱ ላይ እንዳይሰማው ነው» አለችው።

አሁን በሰው የተሞላውን ሳሎን ሲያይ ልቡ በምስጋና ሞላ። ሐዘኑ ከነ ክብደቱ እዚያው አለ፤ ግን ከእሷ ጋር ኖሮ ማርጀቱ ራሱ ስጦታ ሆኖ ታየው። ቆሞ ስለበላው ቀዝቃዛ እራት ሁሉ ሳይቀር አመሰገነ።

እህትየው አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዛ መጥታ ልጅቷ እጅ ላይ አስቀመጠች። «ጠጪ እንግዲህ። ፊዚክስ በባዶ ሆድ አይቻልም።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ደራሹ ሳሳ። እህትየው መኝታ ቤት ልብስ እያጣጠፈች «ስልኳን አጥፋው እስቲ፤ ሲጮህ ነው የዋለው» አለችው። ሊያጠፋው አነሳው። መልእክት ገብቷል።

«ቲቸር፣ ተመዘገብኩ! ሥዕል በዓመቱ፣ ፊዚክስ በክረምት። ምክትሉ ፈረሙልኝ።»

ከሥሩ ሌላ አለ። «ውይ፣ ይቅርታ ጋሼ። እጄ ለምዶ ነው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ደግሞ አነበበው። በወፍራም ጣቱ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገ «ጎበዝ ልጄ» ብሎ ላከ።

«አጠፋኸው?» አለች እህትየው።

ባትሪው ሊያልቅ ቀይ ማብራት ጀምሮ ነበር። ጎንበስ ብሎ ቻርጀሩን ከአልጋው ሥር ፈልጎ ሰካው።