ሽባባው የጋለባት መርከብ

ወይዘሮ ዋጋዬ የልጅ ልጃቸው ሜላት ያመጣችውን ቅጽ ባዩት ቁጥር ገልብጠው ያስቀምጡታል። በ2011 ዓ.ም. አገሪቱ እንደገና ባሕር ኃይል ልታቋቁም ነው ከተባለ ወዲህ ልጅቷ እንቅልፍ የላትም። አሥራ ሁለተኛ ጨርሳለች፤ ለውትድርናው ልትመዘገብ የቀራት የቤተሰብ ዋስ ፊርማ ብቻ ነው።

ይባስ ብሎ ታናሽ ወንድማቸው ሽባባው፣ የድሮው የባሕር ኃይል ባልደረባ፣ ቁርስ ሊበላ መጥቶ ነገሩን ያራግባል።

«መርከባችን ሁለት ጊዜ ነው የተወለደችው» ይላል፣ በፍርፍር ቅቤ የወዛ ጣቱን እየላሰ። «መጀመሪያ ፈረንጆቹ ለጦርነታቸው ሠሯት። ሲበቃቸው ለእኛ ሰጧት። ቀለም ቀባናት፣ አዲስ ቁጥር ጻፍንባት፣ ስንት ዓመት ቀይ ባሕርን ጠበቀች! ምጽዋ ስንገባ፣ አባታችን ለጥር ጊዮርጊስ ግራጫ ፈረሱን ሸልሞ ሜዳ ሲወጣ በይው!»

ሜላት አፏን ከፍታ ትሰማለች። ዋጋዬ ግን ፊታቸውን አዞሩ። ወንድማቸው ከስደት፣ ከየመን የተመለሰ ሰሞን ይህን ገላ ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ቅማሉ፣ የሚያዠው ቁስል፣ የተቃጠለ ዘይት ሽታው ዛሬም ከአፍንጫቸው አልወጣም። ያኔ በትኩሳት ሲቃዥ የሰሙትን ለማንም አልተነፈሱም።

«የመርከቧን መጨረሻስ ንገራት» አሉት።

«ተይ እታለም፣ እሱ ምን ያደርግላታል?»

«ልጄን ልትወስድብኝ ነዋ! ወይ አንተ ተናገር፣ ወይ እኔ እናገራለሁ።»

ሽባባው ጣቱን በጋቢው ጠረገ።

«በሰማንያ ሦስት ሸሽተን የመን ገባን። ደመወዝ የለ፣ ስንቅ የለ። አይጥ የተጸዳዳበትን ዱቄት እየነፋን በላን። ኋላ... እየፈታን ሸጥናት። መጀመሪያ ነሐሱን፣ ከዚያ የመዳብ ሽቦውን። የተረፈውን ሌሎች ቆራርጠው ለብረት አቅላጭ ሰጡት።»

«እርስዎም ሸጡ፣ አያ ሽባባው?»

«እኔም አለሁበት።»

«ትፍ!» አሉ ዋጋዬ። «የአባታችን ግራጫ አርጅቶ ጥርሱ ሲረግፍ፣ ሣር እየከተፍን አበላነው እንጂ ቆዳውን ገፈን ገበያ አወጣነው? የፈረሰኛ ልጅ ነኝ ትላለህ ደግሞ!»

አሁን ቅጹን ትቀደዋለች ብለው ጠበቁ። ሜላት ግን ወጥ ውስጥ የገባ ዝንብ እንደምታይ ሁሉ እሳቸውን ነበር የምታየው።

«አያ ሽባባው በየዝክሩ ሲፎክሩ ሃያ ስምንት ዓመት አብረው አጨብጭበዋል እኮ፣ እማማ! ዛሬ እኔን ለማስቀረት ፊቴ አዋረዷቸው። እሳቸው ርቧቸው መርከብ ሸጡ፤ እርስዎ ሳይርብዎ ወንድምዎን ሸጡ።»

ቅጹን አንስታ ሽባባው ፊት አስቀመጠችው።

«እርስዎ ይፈርሙልኝ።»

«የኔን ዋስነት ማን ያምናል፣ ልጄ? ደግሞ መጨረሻዋን ሰምተሻል።»

«ሰምቼ ነው የምሄደው።»

ሽባባው እህቱን ቀና ብሎ ሳያይ እስክሪብቶውን ተቀበለ። ዋጋዬ «አንተ!» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ «ወንድምዎን ሸጡ» የሚለው ቃል ተናነቃቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወደ ጓሮ ሮጡ፤ የበሉትም ሁሉ ወጣ።