ጾመኛው ላንድሮቨር

አካሉ ነገሩ ካልገባው እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። መካነ ሰላም ውስጥ የተበላሸውን ጠግኖ «በል በሰላም ግባ» ብሎ የሚሸኝ መካኒክ ሞልቷል። አካሉ ግን ከጠገነም በኋላ «ለምን ተበላሸ?» እያለ ባለመኪናውን በጥያቄ የሚያደርቅ፣ በዚሁ ሰበብ ምሳውን የሚረሳና ሚስቱን የሚያስመርር ፍጡር ነው። ዘንድሮ የእትዬ ሸዋረግ ላንድሮቨር ለዚህ አመሉ የሚመጥን ጥያቄ ይዞለት መጣ።

መኪናው በዕድሜ አካሉን ይበልጠዋል። የእትዬ ሸዋረግ ባል ጋሽ አበጋዝ ዕድሜ ልካቸውን ነድተውት፣ አምና ሲያርፉ ለሚስታቸው ትተውላቸው ሄዱ። ከክረምቱ በኋላ ማኒፎልዱ፣ ማለትም ትኩሱን ጭስ ከሞተሩ ሰብስቦ ወደ ጭስ ማውጫው የሚልከው ወፍራም ብረት፣ ተሰነጠቀ። መለዋወጫ ደሴም አዲስ አበባም ተፈልጎ ታጣ። እንዲህ ያለ ብረት አሁን ማን ይሠራል?

ስለዚህ አካሉ በየደው። እንዲህ በአንድ ቃል በየደው ማለት ግን ልፋቱን መካድ ነው። ማኒፎልዱ የተሠራበት፣ ጊዛ የሚሉት ቀልጦ የተቀዳ ብረት ኩሩ ነው፤ ቸኩለው ቢያሞቁት ይሰነጠቃል፣ ቸኩለው ቢያበርዱትም ይሰነጠቃል። አካሉ በከሰል ቀስ አድርጎ አጋለው፣ በየደው፣ ከዚያ አመድ ውስጥ ቀብሮ አሳደረው። ገጥሞ ሲያስነሳው ሞተሩ እንደ ልጅነቱ ለስልሶ ተነሣ። የእትዬ ሸዋረግ ሹፌር፣ የወንድማቸው ልጅ ንጉሡ፣ እያፏጨ ነድቶት ሄደ። በማግስቱ «ቸክ ቸክ ቸክ» እያሰኘ መለሰው። እዚያው ቦታ ተሰንጥቋል። አካሉ እንደገና በየደው፤ እንደገና ተሰነጠቀ። ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ።

«ወንዝ ውስጥ ገብተሃል?» አለው ንጉሡን።

«ኧረ አልገባሁም።»

«ድንጋይ መታህ?»

«ወላሂ አልመታኝም!» አለ ንጉሡ፣ የዲያቆን ልጅ መሆኑን ረስቶ። «ከዚህ ቀጥ ብዬ እትዬ ሸዋረግ ደጅ ነው የማቆመው። ሌላ የትም አልሄድኩም።»

ከተማው ግን ምክንያቱን አግኝቶ ጨርሷል። «የአካሉ እጅ በረከት የለውም» ይባል ጀመር። አካሉን ወሬው አመመው፤ ከወሬው ይልቅ ደግሞ አለማወቁ አመመው።

በመጨረሻ እትዬ ሸዋረግ ራሳቸው ጋራዡ ድረስ መጡ።

«አንተን አልወቅስም፣ ልጄ። ግን ታከተኝ» አሉት። «ረቡዕ ጠዋት ብረት ሰብሳቢው በአይሱዙ ይመጣል። እስከዚያ ደኅና ከሆነ ሆነ፤ አለዚያ ይጫነው።»

«እትዬ፣ ይህን መኪና ለብረት?»

«አበጋዝ ከመንገድ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ሞተሩን አያጠፋም ነበር። ድምፁን ሰምቼ ወጥቼ እከፍትለታለሁ።» አንገታቸውን ደፉ። «ይሄ ቸክ ቸክ የሚለው እሱ አይደለም። ይህን እየሰማሁ ከምኖር ባይኖር ይሻለኛል።»

«አብሽሩ፣ እትዬ» አላቸው አካሉ፤ የሚያጽናናበት ነገር ግን እጁ ላይ አልነበረም።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ለአራተኛ ጊዜ የበየደውን ገጥሞ ሲያበቃ ቁልፉን ለንጉሡ ሰጠና እሱም ከጎኑ ዘሎ ገባ።

«አንተ ደግሞ ወዴት ነው?»

«የሚሰነጠቅበትን ላየው ነው።»

መንገዱን ሁሉ ጆሮውን ወደ ኮፈኑ ቀስሮ ሄደ። ወደ ከላላ የሚወስደውን ዳገት ወጡ፤ ደኅና ነው። ቁልቁለቱን ወረዱ፤ ደኅና ነው። እትዬ ሸዋረግ ደጅ ሲደርሱ ሞተሩ ልስልስ እንዳለ ነበር። አካሉ ያን ጊዜ ከመደሰት ይልቅ ግራ ተጋባ።

በሩ ላይ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ቆሟል። የእትዬ ሸዋረግ የነፍስ አባት ቄስ ቃለ ክርስቶስ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ አጠገባቸው አንድ ጄሪካን ጠበል ተቀምጧል።

«ሞተሩን እንዳታጠፋው!» አሉ እትዬ ሸዋረግ። «ድምፁን ልስማው።»

ንጉሡ እንደ ለመደው ኮፈኑን ከፈተ። ቄሱ ከጄሪካኑ አንድ ጆግ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞሉ። «ላዩን ቆርቆሮውን ብንረጨው ምን ይረባዋል? ሕመሙ ከውስጥ ነው» አሉና ከጋለው ብረት በላይ አነሡት።

«ይቁሙ! አያፍስሱ!» ብሎ ጮኸ አካሉ።

በዚያ አገር ጠበል አይቶ የሚጮኽ ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ቄስ ቃለ ክርስቶስም ከመኪናው ወደ አካሉ ዞሩ።

«ስምህን ተናገር!»

«አካሉ ነኝ፣ አባቴ!»

«እሱንማ እናውቀዋለን። አንተ ማነህ?» አሉና ጆጉን እንዳለ ራሱ ላይ ደፉበት።

አካሉ ከራሱ እስከ እግሩ በሰበሰ። ብርዱ እያንቀጠቀጠው መሳቅ ጀመረ፤ ሕዝቡም «ለየለት» ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ይፍቱኝ፣ አባቴ። እኔ ብርድ እንጂ ግለት የለብኝም፤ አልሰነጠቅም» አለ ፊቱን እየጠረገ። «እሱ ግን እሳት ነው። ከእሳት የወጣ ሸክላ ላይ ውኃ ቢያፈሱበት ምን ይሆናል? ባለፈው ሲያፈስሱበት ምን አለ?»

«ሽሽ ብሎ ጨሰ» አለ ንጉሡ ዓይኑን እያፈጠጠ። «ከዚያ ቸክ ቸክ እያለ ጮኸ። እኛኮ ርኩስ መንፈሱ እየለቀቀው ነው ብለን እልል ስንል ነበር!»

ቄሱ ጆጉን አስቀመጡ። «ጠበል ሰበረው ልትል ነው?»

የሰው ሁሉ ዓይን አካሉ ላይ ሆነ። ፈራ። ከብየዳው ይልቅ ይህች መልስ ከበደችው።

«ጠበሉማ ያድናል፣ አባቴ። ብቻ... እኛስ ጠበል የምንጠጣው በምን ሰዓት ነው?»

ቄስ ቃለ ክርስቶስ ጢማቸውን እየዳሰሱ ሞተሩን አዩት። ከዚያ ፊታቸው ፈካ።

«እውነትህን ነው። ሰው እንኳ እህል ሳይቀምስ፣ በማለዳ ነው የሚጠጣው። ይሄን ቤንዚን አጠጥተን፣ አስሩጠን፣ በላብ አርሰን ነው የምናጠምቀው! ነገም ረቡዕ ነው፤ ጾሙን ይደር።»

ደጁ በሳቅ ሞላ፤ እትዬ ሸዋረግ ብቻ አልሳቁም። «ሞተሩ አይጥፋ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ድምፁን እሰማለሁ ብዬ ድምፁን የነሣሁት እኔው ነኝ።» ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። አካሉ ሄዶ አጠገባቸው ቆመ።

ረቡዕ ማለዳ ላንድሮቨሩ ደጅ እንደ አደረ በረዶ ሆኖ ጠበቃቸው። አካሉ ማኒፎልዱን በእጁ ዳስሶ «ጾመኛ ነው» አለ። ቄሱ ጸሎት ደግመው ጠበሉን አፈሰሱበት። ጢስም ጩኸትም አልነበረም፤ ውኃው ዝም ብሎ ወርዶ መሬት ላይ ተንጠባጠበ። እትዬ ሸዋረግ የሞተሩን ጸጥታ እንደ ምንም ቻሉት። ውኃው ሲደርቅ ወደ ግቢያቸው ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉ።

ንጉሡ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሣ፤ አካሉ ጆሮውን ሰጠ፤ ቸክ የሚል ነገር የለም። ያን ጊዜ የብረት ሰብሳቢው አይሱዙ መጥቶ ከበሩ ፊት ለፊት ቆመና ሰውዬው አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«የሚጫነው ይሄ ነው?»

ይህን ሲል በሩ ተከፈተ። እትዬ ሸዋረግ አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ ፊታቸው በእንባ ርሶ፣ ሁለቱንም ሳንቃ ወለል አድርገው ያዙ።

«መኪናህን ዞር አድርግልኝ፣ ልጄ» አሉት ብረት ሰብሳቢውን። «መንገድ ዘግተህበታል። ይግባ።»