ጽዋውን አትቀበሏት

ፊልም ሠሪዎቹ ልጄን ለመውሰድ ቤቴ ድረስ መጡ። “ለመውሰድ” የምለው እኔ ነኝ፤ እነሱ ያሉት እጇን ብቻ እንደሚፈልጉት ነው።

ሜላት አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ለምጹ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ከአውራ ጣቷ ሥር ጀመራት። እያደር ሁለቱንም እጆቿን እስከ አንጓዋ ያዘ፤ በኋላም በከንፈሯ ጥግ ብቅ አለ። አያማትም፣ ወደ ሰውም አይተላለፍም። ይህን የነገረኝ ሐኪም ነው፤ እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ ነግሬያለሁ። ሰው ስነግረው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኛል፤ እሷ የያዘችውን ብርጭቆ ሳቀርብለት ግን ዓይኑ ብርጭቆው ላይ ይቀራል።

ዳይሬክተሩ ፀጋው የሚባል አንደበተ ለስላሳ ወጣት ነው። ከአዲስ አበባ መጥተው እዚህ ከተማችን ቆሰበር ከከተሙ ሳምንት ሆኗቸዋል። ታሪኩን ሳሎናችን ተቀምጦ ነገረን። አንዲት ቆንጆ ሴት የእህቷን መሬት ለመውሰድ በሐሰት ትምላለች። ከመሐላው በኋላ ቆዳዋ መንጣት ይጀምራል። አገሩ ያገላታል፣ ማኅበርተኛው ጽዋ አልቀበልሽም ይላታል። መጨረሻ ላይ ጥፋቷን ተናዝዛ ጠበል ስትጠመቅ ገላዋ እንደ ድሮው ይጠራል። ሴትየዋን ሆና የምትሠራው ብሥራት ናት፤ ፎቶዋ በየፀጉር ቤቱ መስታወት ላይ የተለጠፈው ተዋናይ።

“ፊቷን በቀለም እንሠራዋለን” አለ ፀጋው። “እጅ ግን ካሜራ ሲጠጋው ቀለም መሆኑ ያስታውቃል። ለዚህ ነው የሜላትን እጅ የፈለግነው።”

ሴትየዋ ስትድን የሚታየው የማን እጅ እንደሆነ ጠየቅሁት። የብሥራት እንደሆነ ነገረኝ። ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ምንም ያፈረ ነገር አልነበረም፤ የዳቦ ዋጋ የተጠየቀ ነው የሚመስለው።

እኔ ነገሩ ሁሉ ከክፉ ጎኑ ነው ቶሎ የሚታየኝ። ባለቤቴ እንየው በዚህ ይቀልድብኛል፤ ደመና ሳይኖር ልብስ ከገመድ ታነሺያለሽ ይለኛል። ይህ ግን ደመና ነበረው። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየኋቸውን ፊልሞች አስባለሁ። ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው ገና ብቅ ሲል ገዳዩ እሱ መሆኑን እናውቃለን። ገላዋን ቁስል የወረሳት ሴት መርዝ የምታጠጣዋ ናት። የነጣችው የተረገመችዋ ናት። ደጓ ሴት ስትታመም እንኳ በስሱ ትስላለች እንጂ ቆዳዋ አይነካም። ልጄ ይህን ሁሉ እያየች ነው ያደገችው። አሁን ደግሞ ራሷ ልትገባበት ነው።

ሜላት ግን እንደ እኔ አልሰማችውም። ስልኳ ላይ ደጋግማ የምታየው ቪዲዮ አላት። አንዲት ስሟ የታወቀ ዘፋኝ አንገቷ ላይ ያለውን ለምጽ ገልጣ፣ እውነተኛ መልኬ ይህ ነው እያለች የምታሳይበት ነው። ሥሩ ላይ ሰው ጀግና፣ ንግሥት እያለ ጽፎላታል። ከዚያ በኋላ የለጠፈቻቸው ፎቶዎች ሁሉ አንገቷ እንደገና የተቀባባበት እንደሆነ ለሜላት አሳይቻት ነበር። ቀለም እንደ ሻርፕ ነው፣ ሲበርደው ሻርፕ የማያደርግ ሰው አለ ወይ ብላ ሳቀችብኝ።

እንየው ከአዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል እያስጫነ ነበር። ስደውልለት ልጅቱ ከፈለገች ተያት አለኝ። እኔ ሌሊቱን ሁሉ ክፉ ክፉውን ሳስብ አደርሁ። ተማሪ ቤት በሐሰተኛዋ ሴት ስም ይጠሯታል። ነገ ሽማግሌ ሊልክ የሚያስብ ቤተሰብ ፊልሙን ያያል። ያላወቀ ሁሉ ያውቃል፤ ያወቀውም በምን ምክንያት እንደመጣባት የተነገረው ይመስለዋል። ሲነጋ ግን ሜላት ፈረመች፣ እኔም ፈረምሁ።

ጽዋው የሚቀረጸው በእትዬ ዘውድነሽ ግቢ ነበር። የእኛ የማርያም ማኅበር የዚያ ወር ተረኛ እሷ ናት። ፀጋው እውነተኛ ማኅበርተኞች እንዲሆኑለት ፈለገ፤ አቀማመጡን ታውቁበታላችሁ፣ ዕቃችሁንም የራሳችሁን አምጡ አለን። ከመካከላችን አንዷ ለልቅሶ ዳንግላ ሄዳ ስለነበር በመደዳው መጨረሻ አንድ የቀርከሃ ወንበር ባዶ ቀረ። ከመደዳው ውጭ ዳር ቆሜ የነበርሁትን እኔን እዚያ አስቀመጠኝ።

ከመጀመራችን በፊት ሜላት ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ሜዳው ላይ ጭጋግ ተኝቶ ነበር፤ ሁለታችንም እየበረደን ነው።

“እማዬ፣ እባክሽ አታበላሽብኝ” አለችኝ። “ሁሉም እንደሚያደርጉት አድርጊ። ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ፊትሽን ዞር ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።”

እሺ አልኳት። ቃል ገባሁላት።

ብሥራት ፊቷን ተቀብታ ወጣች። ቀለሙ በጥሩ ሁኔታ ተሠርቷል፤ ልቤ ደነገጠ። መጀመሪያ የእሷን ፊት ብቻ ቀረጹ፤ ስታለቅስ፣ ስትለምን። ሲጨርሱ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ጥጥ ተሰጣት። አንዴ ስትጠርገው ጉንጯ ጠራ። ደግማ ስትጠርገው አገጯ ጠራ። ሜላት አጠገቧ ቆማ ጥጡን ታየው ነበር። ብሥራት ክፉ ሰው አይደለችም፤ ቀና ብላ “እንዴት ያሳክካል መሰለሽ!” አለቻት። ሜላት ፈገግ አለች። ፈገግታዋን አልወደድሁትም።

ቀጥሎ የእጅ ተራ ሆነ። ሜላት የብሥራትን ቀሚስ ለበሰች፤ ካሜራው ዝቅ ብሎ እጇን ብቻ እንዲያይ ተደረገ። ጽዋውን ይዛ ከመደዳው ራስ ጀምራ ለእያንዳንዱ ትዘረጋለች። እያንዳንዱ ይሸሻታል። ፀጋው ለሁላችንም አስረዳን። “ጽዋውን አትቀበሏት” አለ። “እንደ እሳት ሽሹት።”

የመጀመሪያው ጋሼ ቢሻው ነበሩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ አጥራችን አንድ ነው። ሜላት ዘረጋችላቸው። ጋሼ ቢሻው ጽዋውን አዩት፤ ከዚያ ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ተሳለሙት፣ ጠጡ።

ፀጋው አስቆመ። ረስተው እንደሆነ ጠየቃቸው። አልረሳሁም አሉ፤ አንገታቸውን ደፉ። እንደገና ተጀመረ። እንደገና ተቀበሉ። በሦስተኛው ከእሳቸው ቀጥላ የተቀመጠችውን አስጀመራት፤ እሷም ተቀብላ ጠጣች። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው በአዊኛ ማውራት ጀመሩ። ፀጋው አንዱን አንዱን ያያል፤ ምን እንደሚሉ አይገባውም። አሾፉብኝ ብሎ ያሰበ ይመስለኛል፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ነገሩን ያስረዳችው እትዬ ዘውድነሽ ናት። የራሳችሁን ዕቃ አምጡ ሲባል የማኅበሩን ጽዋ ከነመሸፈኛው አውጥታ አምጥታዋለች። ዕቃ ሲባል ዕቃ መስሏት ነው። ያ ጽዋ ደግሞ ሲዘረጋለት እምቢ ያለው ሰው የለም። የተጣላ ሰው እንኳ ይቀበለዋል፤ የታመመ ከንፈሩን ያስነካል። ውኃ ቢቀዳበትም ያው ጽዋ ነው። በእሱ መጫወት አልሆነላቸውም።

እኔ እዚያ መጨረሻ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ከዚያ በፊት ልጄ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በእጇ ስታጠጣ አይቼ አላውቅም። ሦስቴም ቢሆን ጠጡላት። አሁን ፊልሙን ይተዉታል፣ ወደ ቤት እንሄዳለን ብዬ አሰብሁ።

ፀጋው ግን ጨዋ ልጅ ነው። ይቅርታ ጠየቀ፤ ጽዋው በክብር ተሸፍኖ ቤት እንዲገባ አደረገ። ከመኪናቸውም ሌላ ዋንጫ አስመጣ። ከሩቅ ሲያዩት ያንኑ ይመስላል። ሥሩ ላይ የዋጋ ወረቀት ነበረበት፤ በጥፍሩ ፍቆ አነሳው።

“ይህ ምንም አይደለም” አለ። “የፊልም ዕቃ ነው።”

ተጀመረ። ሜላት ለጋሼ ቢሻው ዘረጋች። ጋሼ ቢሻው ወደ ኋላ ተለጠጡ፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ማንም አላሳያቸውም። ቀጥላ የተቀመጠችው እግሯን ሁሉ ከወንበሩ ሥር ሰበሰበች። ሦስተኛው በእጁ ጀርባ ገፋት። ፀጋው በደስታ ጡጫውን ጨብጦ ነበር። አንድም ሰው አልተሳሳተም፤ አንድም ሰው አልደገመም። የት እንደተማሩት አሰብሁ። ልምምድ እንኳ አላስፈለጋቸውም።

እትዬ ዘውድነሽም ፊቷን አዞረች። ዘውድነሽ፣ ሜላትን ክርስትና ያነሳቻት።

አሁን በእኔና በልጄ መካከል ሁለት ሰው ቀርቷል። ዋንጫው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ውኃው በከንፈሩ እየፈሰሰ በጣቶቿ መካከል ይወርዳል። ካሜራ ያዡ ወደ እጆቿ ተጠጋ። ይህ ትወና እንዳልሆነ አውቃለሁ። እሷን ለማየት ፈራሁ። ካየኋት አልችልም፤ ካላየኋት ደግሞ እጇ ብቻ ነው የሚታየኝ። ቃል ገብቻለሁ። እኔ ዞር ካላልኩ የለፋችበት ሁሉ ይበላሻል፤ በእኔ ምክንያት ይሆናል፤ ዕድሜ ልኳን ትነግረኛለች። ዞር ካልሁ ደግሞ በዚህ ፊልም ውስጥ፣ ይህ ፊልም በሚታይበት ቦታ ሁሉ፣ እናቷ እጇን ትሸሻለች። ነጠላዬን እስከ አገጬ አነሳሁት። እስከዚያ ድረስ አንስቼዋለሁ።

ዘረጋችልኝ።

ዋንጫውን አይደለም የያዝሁት። እጆቿን ነው። በረዶ ሆነው ነበር። አጎንብሼ ጠጣሁ። ውኃው ነጠላዬ ላይ ፈሰሰ፤ አልለቀቅኋትም።

“ቃል ገብተሽልኝ ነበር” አለችኝ በሹክሹክታ። ተቆጥታለች፤ እጇን ለማስለቀቅ ትጎትታለች፣ እኔ አልለቅም።

ፀጋው አስቆመ። እንደገና እንድሞክር ለመነኝ። አልችልም አልሁት። እንግዲያው ልነሳለትና ሌላ ሰው በእኔ ቦታ ይቀመጥ አለ፤ የመጨረሻው ሰው ሲገፋት ነው ዋንጫው የሚወድቀው፣ ያለዚያ ታሪኩ ጎዶሎ ነው። ተነሳሁ። ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር? ወንበሩ ባዶ ሆነ። ከቆሙት ሴቶች አንዷ ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች።

ሜላት ዋንጫውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

“እዚህ ማንም አይቀመጥም” አለች።

ፀጋው በለስላሳ አንደበቱ ሊያግባባት ሞከረ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው አላት፤ ስምሽ መጨረሻ ላይ ይጻፋል አላት። ሜላት የብሥራትን ቀሚስ ቁልፍ መፍታት ጀምራ ነበር፤ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት ቁልፉ እያመለጣት።

“የእሷን እጅ ቀቡት” አለችው። “እሷ ሲያልቅ ትጠርገዋለች።”

ብሥራት ከበርጩማዋ ላይ ሆና ሰማች።

ስንወጣ ፀጋው የቀረጹትን እንደሚጠቀሙበት ነገረኝ፤ ፈርማለች፣ እኔም ፈርሜያለሁ። ስለዚህ የጋሼ ቢሻው ጋቢ ይቀራል፣ የዘውድነሽም ጀርባ ይቀራል። የእኔ ይቆረጣል። ይህንንም እስከ ቤታችን መንገድ ድረስ እያሰብሁት ነበር፤ ሁሉም ይታያል፣ እኔ ብቻ አልታይም። ሜላት ከፊቴ ፈጠን ፈጠን እያለች ትሄዳለች፣ አታናግረኝም።

ባጃጅ መያዣው ጋ ስንደርስ ጋሼ ቢሻው ከኋላችን ደረሱብን። እያለከለኩ ነው። ጋቢያቸው አንድ ጎኑ መሬት ይጎተታል። እጃቸውን ለሜላት ዘረጉላት።

“ልጄ፣ ትወና ነው እኮ” አሉ።

ሜላት እጆቿን ብብቷ ውስጥ እንደከተተች አየቻቸው። ካፊያ ጀምሮ ነበር። የባጃጁ ልጅ ግቡ ብሎ ጡሩንባ ነፋ።

“ጋሼ፣ ካሜራው ጠፍቷል” አለቻቸው። “አሁን ማንም አያይዎትም።”

እጃቸውን አላወረዱም። ካፊያው መዳፋቸው ላይ ይወርዳል። እሷም ወዲያው አልሰጠቻቸውም፤ አስጠበቀቻቸው፤ እኔ ትተዋቸው ትገባለች ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ እጇን አውጥታ ሰጠቻቸው። ጥብቅ አድርገው ጨበጧት፣ ትከሻዋን ስመው ለቀቋት።

ባጃጁ ሲነሳ አንገቴን አውጥቼ ወደ ኋላ አየሁ። ያን እጃቸውን ጋቢያቸው ላይ ይጠርጉት እንደሆነ ለማየት ነው። እሳቸውም እንደማያቸው አወቁ። እጃቸውን ከጎናቸው ትንሽ አራቅ አድርገው፣ የት እንደሚያኖሩት የቸገራቸው ይመስል፣ እስክንታጠፍ ድረስ እዚያው ቆመው ቀሩ።